የተመረቀ ባሩድ

ባለፈው ቅዳሜ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካለች አንዲት የሐበሻ ሱቅ ምስር ልገዛ ገባሁ። ባለሱቋ ኪሎዬን በልኩ መዘነችልኝ። ከዚያ እጇን ወደ ጆንያው መልሳ አንድ እፍኝ ዘገነችና ላስቲኩ ላይ ልትጨምረው ስትል ክንዷን ያዝኳት። ሳላስበው ነው። ሴትዮዋ ደንግጣ አየችኝ። "ምነው ወንድሜ? ምርቃት ነው እኮ!" አለች። "ይቅርታ፣ በቂ ነው፤ በልኩ ይሁን" አልኳት። እፍኟን ወደ ጆንያው እየመለሰች አጠገቧ ወደቆመችው ሴት ዞር አለችና "ምርቃት የሚፈራ ሐበሻ ዛሬ ገና አየሁ!" ብላ ሳቀች። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ።

ወደ ሰብዌይ፣ ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ስወርድ ግን ላስቲኩን በእጄ ደጋግሜ እመዝነው ነበር። እዚህ ተወልደው ላደጉ ልጆች ላስረዳ። እኛ አገር ገበያ ውስጥ ስፍር ሞላ ተብሎ ብቻ አያልቅም። ሻጩ ቁናውን ሞልቶ ከገለበጠ በኋላ ገዢው የጆንያውን አፍ ከፍቶ እንደያዘ ይቆማል፤ "በሉ እንጂ ይመርቁኝ" ይላል፤ ሻጩም ከላይ እፍኝ ጣል ያደርጋል። ያ ምርቃት ነው። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ "ይባርክህ፣ ያትረፍርፍልህ" ሲልም ምርቃት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከልክ የተረፈ ደግነት ናቸው። እኔ ግን ይህን ቃል ያለ ፍርሃት ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

ጊዜው ስልክ የሚታጠፍበት፣ አውቶቡስ የጣት ጥፍር በምታክል ቶከን የሚሳፈሩበት፣ ወጣቱ ሁሉ ሁለት ሰው የሚይዝ ጃኬት የሚለብስበት ጊዜ ነበር። ጄን ኤንድ ፊንች በሚባል ስሙ በተኩስ የሚነሳ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሊፍቱ ሁልጊዜ የተጠበሰ ሽንኩርትና የጽዳት ኬሚካል ይሸታል፤ ከታች ከቆሙት መኪኖች የሚወጣው ሙዚቃ መስኮቴን ያንቀጠቅጠው ነበር። ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ሥራዬ ከማሽኑ የወጣውን ክዳን በመለኪያ እየለኩ ልክ ያልሆነውን መጣል ነው። ብዙ አላወራም። ያቺ መለኪያ ከሰው ይልቅ ትመቸኝ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ናትናኤል፣ ማለትም ናቲ፣ ስሜን ትቶ "ሚዛኑ" ይለኝ ነበር። "ሚዛኑ፣ ላንችህን መዘንከው?" ይላል ሳንድዊች ስበላ።

ናቲ በልጅነቱ የመጣ ነው። አማርኛው ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ሳቁ ሙሉ በሙሉ የአባቱ። ወደ ሽጉጥ ስፖርት የወሰደኝ እሱ ነው። ኮርሱን ወስደን፣ ፈተናውን አልፈን፣ ፈቃዱን አውጥተን፣ ከከተማው ወደ ሰሜን ራቅ ባለ ሬንጅ፣ ማለትም የተኩስ መለማመጃ፣ አባል ሆንን። እሱ የሚወደው ድምፁንና ጨዋታውን ነው፤ እኔ የምወደው ወረቀቱ ላይ የሚቀሩት ቀዳዶች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ማየት ነበር። የልምምድ ጥይት ግን ደሞዝ ይበላል። ስለዚህ የተተኮሰውን ቀለሃ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ አዲስ መለኮሻ፣ አዲስ ባሩድና ከአፉ ላይ የሚገጠም አዲስ የእርሳስ አረር ጨምሮ እንደገና ጥይት ማድረግን ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት ራሴን አስተማርኩ። ሕጉ ይፈቅዳል። ሆኖም እኔ ሰፈር፣ እኔን በመሰለ ሰው እጅ፣ ባሩድ የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራ ነበር። የሽጉጡን ጥቁር ሣጥን ይዤ ሊፍት ስገባ ጎረቤቶቼ ንግግር ያቆሙ ይመስለኛል። ኮሪደር ላይ የፖሊስ ሬድዮ በሰማሁ ቁጥር ፈቃዴን ኪሴ ውስጥ እዳስስ ነበር። በመጨረሻ ናቲ "ሚዛኑ፣ በቃ፣ የኛን ጋራዥ ዩዝ አድርግ" አለኝና ዕቃዬን ሁሉ ስካርቦሮ ወዳለው የቤተሰቡ ቤት ወሰድኩ።

በየቅዳሜው ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ እደርሳለሁ። ጋራዡን የሚከፍቱልኝ የናቲ አባት፣ አባባ በላቸው ናቸው። አገር ቤት ሳሉ እህል ነጋዴ ነበሩ። ትልቋ ልጃቸው፣ የናቲ እህት፣ እሳቸውንና ትንሹን ናቲን ስፖንሰር አድርጋ ስታመጣ ሰፍሮ የመሸጥ ዕድሜያቸውን ትተው ከሶፋና ከቴሌቪዥን ጋር ቀሩ። ስለዚህ ቅዳሜ ለሳቸው የገበያ ቀን ሆነ። ከነጠላ ጫማቸውና ከሆኪ ቡድን ቆባቸው ጋር የፕላስቲክ ወንበር ስበው ከጠረጴዛዬ አጠገብ ይቀመጡና ስመዝን ያዩኛል።

"ይሄ ሚዛንህ ለወርቅ ነው ለምንድነው?"

"ለባሩድ ነው አባባ። ትንሽ ከበዛ ሽጉጡ እጅ ውስጥ ይፈነዳል።"

"ታዲያ ለምን ትነካዋለህ?"

"እንዳይበዛ ነው የምመዝነው።"

"እኔ ዕድሜ ልኬን ስሸጥ እንዳይበዛ ብዬ መዝኜ አላውቅም" ይሉና ይስቃሉ። የኔን ቃል እንደ ጨዋታ ነበር የሚቆጥሩት። እኔ አረቄ እንደሚያወጣ ሰው ስጠነቀቅ ለሳቸው ሁሉም ነገር ጥራጥሬ ነበር።

ባሩድ መምረጥ ቀላል ነገር አልነበረም። በመጻሕፍቱ ላይ ለአንድ ሽጉጥ የሚሆኑ ብዙ ዓይነቶች አሉ፤ ስማቸውም ባሕሪያቸውም ይለያያል። በግርድፉ ሁለት ወገን ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ደቃቅ፣ ክብና ከባድ ነው፤ ባሩድ ከምትሰፍርልኝ መሣሪያ ቱቦ እንደ ጤፍ ይፈሳል፤ መቶ ጊዜ ብትሰፍረው መቶ ጊዜ አንድ ዓይነት ይወርዳል። ግን ጥቂቱ ስለሚበቃ ቀለሃው ውስጥ ሲገባ ከታች ጠብ ብሎ ይቀራል፤ ቀሪው ባዶ ነው። ሁለተኛው እንደ ተሰባበረ ቅርፊት ስስና ቀላል ነው፤ ቱቦው ውስጥ አንዳንዴ ይያዛል፤ ስፍሩ እንደፈለግከው አይገጥምም። ግን ያብጣል፤ ቀለሃውን ከግማሽ በላይ ይሞላል።

ሬንጁ ላይ ዋልተር የሚባል ጡረተኛ ነበር፤ ዕድሜውን በብረት ሥራ ያሳለፈ፣ ጆሮው የደከመ ሰው። ደቃቁን እንደመረጥኩ ስነግረው ፊቱን አጨማደደ። "ያ ባሩድ ሁለቴ ቢገባ እንኳ ቦታ አለው" አለኝ። "ያበጠውን ውሰድ። እሱ ሁለቴ ከገባ ይፈስና ያጋልጥሃል።" እኔ ግን ሁለቴ የማስገባ ሰው አይደለሁም አልኩ። ሃምሳ ቀዳዳ ያለው የእንጨት መደብ አለኝ፤ ቀለሃዎቹን እዚያ አቆማቸዋለሁ፤ ሁሉንም ሰፍሬ ስጨርስ በባትሪ ከላይ አበራባቸዋለሁ። አንዱ ከሌላው ከፍ ካለ ወዲያው ይታያል። ዋልተር ትከሻውን ሰበቀ። ጤፍ የሚመስለው ባሩድ በጠርሙስ ነበር የሚሸጠው፤ ዋጋው ሠላሳ ዶላር አይሞላም። እንደ ጥሩ ሸቀጥ ወደድኩት።

ያን ቅዳሜ በረዶ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ነበር። ናቲ ገና ተኝቷል። ሃምሳውን ቀለሃ ሰፍሬ፣ በባትሪ አይቼ፣ እርሳሱን ልገጥም ስል ጎረቤት በሩን አንኳኳ። የናቲ እህት ቫን መንገዱን ስለዘጋ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ቆሞ ይጠብቃል። እሷ ሆስፒታል ፈረቃ ላይ ናት፤ ቁልፉ ወጥ ቤት ተሰቅሏል። ወጥቼ ቫኑን ላነሳ ስል ጎማው በረዶ ውስጥ ተያዘና አካፋ ተዋስኩ፤ ጥቂት ቆየሁ። ስመለስ አባባ ወንበራቸው ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ባትሪዬን አነሳሁና እንደገና አበራሁ። ሁሉም እኩል ነበር። አንዱም ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም። ስለዚህ እርሳሱን ገጠምኩና ሃምሳውን ጥይት ሣጥን ውስጥ ደረደርኩ።

ናቲ እኩለ ቀን ላይ ወረደ። "ሚዛኑ፣ ትመጣለህ?" አለኝ። "ጠረጴዛውን አጽድቼ፤ አንተ ሂድ" አልኩት። ሣጥኑንና የተቆለፈውን የሽጉጥ ሻንጣ መኪናው ውስጥ አስገብቶ ሄደ። አባባ "ምሳ ሳትበላ አትሄዳትም" ብለው እኔን አስቀሩ።

ሽሮ ቀርቦ እየበላን ሳለ አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቀየመኝም?"

"ኧረ ምን ሆኜ አባባ፣ ይንገሩኝ።"

"ትሰስታለህ።"

"እኔ?"

"አንተ! ዛሬ ብድግ ብዬ ያንን ቀለሃ አየሁት። ከታች ጠብ ያለች ነገር። ለድንቢጥ እንኳ እንዲህ አይሰፈርም። ለባዕድ አይደለም፣ ለጓደኛህ ነው እኮ።" ጎርሰው አላመጡና ዓይናቸው በደስታ ጠበበ። "ታዲያ መኪናውን ልታነሳ ስትወጣ መረቅኩልህ።"

ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቆመ። "ምን አደረጉ?"

"መረቅኩልህ! ባሩዱ ከቀረባት ሳህን ላይ በጣቴ ጫፍ ቆንጠር ቆንጠር እያደረግኩ። አንዱንም አልበደልኩም፤ ለአንዱ ሰጥቼ ለአንዱ የምነፍግ ሰው አይደለሁም። ሃምሳውንም እኩል።"

ባትሪዬ ያልነገረችኝ ለዚህ ነበር። እኔ ያየሁት አንዱ ከሌላው ይበልጥ እንደሆነ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ፍትሐዊ ነጋዴ ነበሩ። የናቲ ስልክ ላይ ደወልኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ መልእክት ተው አለኝ። ሬንጅ ላይ ጆሮው ተሸፍኖ፣ ስልኩ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እንደሆነ አውቃለሁ። የሬንጁ ቢሮ ጋ ደወልኩ፤ ማሽን አነሳው። የቫኑን ቁልፍ ከግድግዳው ነጠቅኩ።

"ወዴት ነው?" አሉ አባባ።

"ናቲ ጋ።"

ፊቴን አይተው ሌላ አልጠየቁም። በነጠላ ጫማቸው በረዶው ላይ ወጥተው ጎኔ ተቀመጡ።

ሀይዌዩ ላይ ሁሉም መኪና ቀስ ብሎ ይሄዳል። ግራና ቀኝ ነጭ ነው። ቫኑ ውስጥ ልጃቸው የተወችው የመዝሙር ሲዲ ከቁልፉ ጋር አብሮ ተከፈተና አባባ ሊያጠፉት ፈልገው የትኛውን መጫን እንዳለባቸው ጠፋቸው። እኔም ላጠፋላቸው እጄን ከመሪው ላይ ማንሳት አልቻልኩም። መዝሙሩ ስለ ምሕረት ነበር። ናቲ አሁን ደርሷል። አሁን ፈርሟል። አሁን መነጽሩን አድርጓል። መጀመሪያ የሚተኩሰው የድሮውን ሣጥን ቀሪ ነው፤ ሁልጊዜ ከድሮው ይጀምራል፤ ከድሮው ስንት ቀርቶት ነበር? ጥቂት። በጣም ጥቂት።

"ልጄ" አሉ አባባ፤ "ያ የምትለኝ ነገር… እጅ ውስጥ ይፈነዳል የምትለኝ… የምርህን ነበር?"

"አዎ አባባ።"

"ቀልድ መስሎኝ ነበር።" ቆባቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። "ቁንጣሪ እኮ ነው። ቁንጣሪ ጨው ማንን ገድሎ ያውቃል?"

የኔ ሙሉ ስፍር ራሱ ከቁንጣሪ እንደማይበልጥ ብነግራቸው ቀሪውን መንገድ እንዴት እንጨርሰዋለን? እሳቸው ግን ነጋዴ ናቸው፤ ዝምታዬን ሰፈሩት። "እጥፍ ነው ያደረግኩት ማለት ነው" አሉ በቀስታ፤ ከዚያ ወዲያ ከከንፈራቸው የሚሰማው "አንተ ታውቃለህ፣ አንተ ታውቃለህ" የሚል ጸሎት ብቻ ሆነ።

የሬንጁ መኪና ማቆሚያ ስንገባ ተኩስ ይሰማል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተኩስ እንደዚያ ሰምቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ድምፅ የናቲ ይመስለኛል፤ በእያንዳንዱ መሃል ያለው ዝምታ ደግሞ ከድምፁ ይብሳል። ሮጬ ገባሁ። የናቲ የመተኮሻ ቦታ ባዶ ነበር። መሬቱ ላይ የሽጉጡ ካዝና ተወርውሮ ወድቋል፤ ጠረጴዛው ላይ ሽጉጡ አለ፤ የእጀታው ሽፋን በሁለት በኩል ተሰንጥቋል። የአዲሱ ሣጥን ክዳን ተከፍቷል። ከሃምሳዎቹ አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነበር፤ ናቲ አዲስ ሣጥን ሲጀምር አንድ ብቻ አስገብቶ ይሞክራል።

ናቲን ያገኘሁት መታጠቢያው ጋ ነው። ዋልተር ክንዱን ይዞ መዳፉን ከቀዝቃዛ ውሃ በታች አድርጎታል። ውሃው ቀላ ያለ ነበር። ጣቶቹን ቆጠርኩ። አምስት ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ።

ናቲ ወረቀት የመሰለ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "ሚዛኑ" አለኝ፤ ሊስቅ ሞከረ። "ዛሬ ሚዛንህ ብሮክ አደረገ።"

አፌን ከመክፈቴ በፊት አባባ ከኋላዬ ደረሱ። ነጠላ ጫማቸው በበረዶ ተሞልቷል። የልጃቸውን እጅ ሲያዩ ግድግዳውን ተደገፉ። "እሱ አይደለም" አሉ። "እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የመረቅኩት።"

ናቲ አባቱን አየ፣ እኔን አየ። "ዳድ፣ ምንድነው መረቅኩት? ጥይቱን ብለስ አደረግከው?"

ያን ጊዜ ነው ልጁ ቃሉን በአንድ ጎኑ፣ በጸሎቱ፣ ብቻ እንደሚያውቀው የገባኝ። ቤቱ ውስጥ ሲመረቅ ነው ያደገው፤ ገበያ ቆሞ አያውቅም። "ጨምረውበት ነው" አልኩት። "ያነሰ መስሏቸው። አንተን ወደው።" የናቲ እጅ ውሃው ስር እንዳለ ትከሻው መናጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅስ መሰለኝ። እየሳቀ ነበር። "ኦ ማይ ጋድ! ብለስድ ቡሌት! ዳድ፣ ሊገድለኝ ነበር እኮ ብለሲንግህ!" ዋልተር ምን እንደተባለ ሳይገባው አብሮ ፈገግ አለ። አባባ ግን አልሳቁም። የልጃቸውን ደህና እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ክርኑ ድረስ ይዳስሱት ነበር፤ እንደተገዛ እህል፣ ነቀዝ እንደሚፈልግ ሰው።

መዳፉ ላይ የተሰፋው ቁስል ሲድን አንድ ነጭ መስመር ቀረ። ቀሪዎቹን ጥይቶች ፈታኋቸው። ለብዙ ሳምንት ጠረጴዛው ጋ መቅረብ አልቻልኩም፤ ስቀርብም ደቃቁን ባሩድ መልሼ አልገዛሁም። ያበጠውን፣ ቱቦ ውስጥ የሚያስቸግረውን፣ ዋልተር ያለውን ወሰድኩ። መጽሐፍ ላይ ምክንያት ብዙ አለ፤ የኔ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። አንድ ቅዳሜ አባባን ጠራኋቸው። እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው ከሩቅ ቆሙ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠረጴዛውን አይነኩም። "ይዩልኝ አባባ" አልኳቸው። አንገታቸውን ዘርጋ አድርገው ወደ ቀለሃው አዩ። "አሃ" አሉ። "ይሄ ሞልቷል። ይሄ ምርቃት አይፈልግም።" ከዚያ በኋላ ነው እርሳሱን የገጠምኩት። ባሩዴን የመረጠልኝ የአባባ ዓይን ነው።

ዓመታት አለፉ። ጋራዡም ተሸጠ፣ እኔም ወደ ኖርዝ ዮርክ ተዛወርኩ። ሠርጌ ዮንግ መንገድ አጠገብ ባለ አዳራሽ ነበር። ፕሮግራም መሪው "አሁን በሽማግሌ እንመረቃለን" ሲል አባባ በላቸው በልካቸው በተሰፋ ግራጫ ሱፍ ተነሡ። እኔና ሙሽራዬ አንገታችንን ደፋን። ሰው ሁሉ ተነሣ። በዚያ በአሮጌው ፍርሃት ያትረፍርፍላችሁ የሚለውን ቃል ጠበቅሁ። አባባ እጃቸውን ዘረጉ፣ ቆዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እግዚአብሔር" አሉ በጠንካራ ድምፅ፤ "ልክ ልካችሁን ይስጣችሁ!"

ልክ ልክን መስጠት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አንዲት ሴት "ኧረ በስመ አብ፣ ይሄ ምርቃት ነው እርግማን?" ስትል ሰማሁ። የሙሽራዬ እናት ተቆጥተው ወደ እኔ ዞሩ። አሜን የሚል ጠፋ።

ከኋላ ጠረጴዛ አንድ እጅ ወደ ላይ ተነሣ። መዳፉ ላይ ነጭ መስመር አለበት። "አሜን!" አለ ናቲ።

እኔም አንገቴን እንደደፋሁ "አሜን" አልኩ።